ዳገት የሚመረምራት ካርት

ካርቡራተሩ ነው ወይስ ካቴናው? ለኮረኮንች የተሠራች ትንሽ ጎ-ካርት አቀበት ላይ ስትለግም፣ ከእጅ በፊት ጆሮ ይሥራ።

ሜዳ ላይ ካርት ሁሉ ጎበዝ ናት። ገመናዋ የሚገለጠው ጠጠር የበዛበት አቀበት ላይ ነው። አንዷ ድምጿ እየወፈረ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ታፍና ትቆማለች። ሌላዋ ሞተሯ ይጮኻል፣ ጎማዋ ግን ንቅንቅ አይልም፤ የሚሸተው የተቃጠለ ፍሪሲዮን ነው። ነጂው ለሁለቱም ካቻቪቴ አንስቶ ካርቡራተር ይነካካል። የመጀመሪያዋ በዚህ ልትድን ትችላለች። ሁለተኛዋን ግን ካርቡራተሩ አልበደላትም።

ነገሩ ከአወላለዷ ይጀምራል። አርት ኢንግልስ በ1956 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያዋን ካርት ሲሠራ የገጠመላት የሣር ማጨጃ ሞተር ነበር። ዛሬም ጓሮ ውስጥ በሚሠሩት ላይ የሚታየው እንደ ሆንዳ ጂኤክስ200 ያለ፣ የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር የሚያዞር 196 ሲሲ ሞተር ነው። በደቂቃ እስከ 3,600 ዙር እኩል እየዞረ ይሠራል፤ የሚቀያየር ማርሽ ግን የለውም። ስለዚህ ዳገቱን የሚወጣው በሚተነፍሰው አየርና በሚጎትተው ጥርስ ነው።

አየሩ

2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተለካ ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደለመደው ያፈሳል። ትርፉ ቤንዚን ጥቀርሻ ይሆናል። የሆንዳ መመሪያ እንደሚለው፣ ካርቡራተሩ ለከፍታ ቢስተካከል እንኳ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ከሩብ በላይ ማለት ነው።

ምስክሩ ካንዴላው ነው። ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ከጠቆረ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ። ካልተሻለው የካርቡራተሩን ዋና የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ነው። የሚኒሞ ቡሎን ማዞር ካርቷ ቆማ ሞተሩ ሲንተከተክ እንጂ ዳገት ላይ አያድንም። ለደጋ የጠበበችው ቀዳዳ ደግሞ ወደ አፋር ቆላ ስትወርዱ መመለስ አለባት፤ ያለዚያ ሞተሩ ቤንዚን ተርቦ ይግላል።

ጥርሱ

ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ በሚፈጥረው የመወርወር ኃይል ነው። ጥርሱ ለፍጥነት ብቻ ከተመረጠ፣ ዳገቱ ሞተሩን እዚያው 2,000 ዙር አካባቢ ይይዘዋል፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፊት 10፣ ከኋላ 60 ጥርስ ቢኖር፣ ሞተሩ ስድስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ፣ በ3,600 ዙር፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። የኋላውን 72 ብታደርጉት ፍጥነቱ ወደ 42 ይወርዳል፣ የጎማው ጉልበት ግን በ20 በመቶ ይጨምራል። የጎደለውን ፍጥነት ለማካካስ የሞተሩን ዙር ገዳቢ መፍታት ግን ሞተሩን መበተን ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ካቴናው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ሁለቱ ጥርሶች በአንድ መስመር መቆማቸውን በቀጥ ያለ ብረት ለኩ። መሐሉን በጣት ስትገፉት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ልቅነት ይኑረው። ከላላ ይወልቃል፤ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ ወደዚያው ዳገት ተመለሱ። ድምጿ ሳይወፍርም ሳይጮኽም ከወጣች፣ ካቻቪቴው ወደ ሳጥኑ ይግባ።