ስለ ሥራ አገሩን ለቆ የሚመጣ ቤተ ሰብ

የሹመት ወይም የቅጥር ደብዳቤ የሚጻፈው በአንድ ሰው ስም ነው። ማዕርጉ የሚሰጠው፤ ደመወዙም የሚቈረጠው ለዚያው ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው ከውጭ አገር የመጣ እንደ ሆነ ከቤቱ የሚነሣው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ አብረውት ይነሣሉ፤ በአገር ቤት የሚቀሩት አባትና እናት እንኳ በልባቸው ይከተሉታል። ስለዚህ በባዕድ አገር በታላቅ ከተማ የቢሮ ሥራ መያዝ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለዚሁ ነው። ምሳሌውንም ከሩቅ አናመጣውም፤ በከተማችን በአዲስ አበባ፤ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ባለው ስፍራ እናገኘዋለንና።

የሁለት ሰፈሮች ስም

ካዛንቺስ የሚለው ስም አማርኛ አይደለም። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በወረራ ይዘው በነበሩበት ጊዜ፤ ከአገራቸው ለሚመጡት ጸሓፊዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በዚያ ሰፈር መኖሪያ ቤቶች ሠርተው ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚያሠራው ድርጅታቸው ባጭር ስሙ «ኢንቺስ» ይባላል፤ «ካዜ» ማለትም በቋንቋቸው ቤቶች ማለት ነው። የከተማው ሰው «ካዜ ኢንቺስ» የሚለውን ሁለት ቃል አንድ አድርጎ ካዛንቺስ አለው። እንግዲህ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ ለቢሮ ሥራ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ሰፈር ነበረ ማለት ነው።

ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የመጡት በእንግድነት ሳይሆን በወራሪነት ነበረ። በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕጋቸው ጣሊያናዊው ከአገሩ ተወላጅ ጋራ እንደ ባልና ሚስት ሆኖ እንዳይኖር በእስራት ቅጣት ይከለክል ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማቸው በተመለሱ ጊዜ ያ አገዛዝ ፈርሶ ነበር፤ በሰፈሩም የቀረው ግድግዳውና ስሙ ነው። በጎረቤት ላይ በሩን ዘግቶ የተሠራ ቤት፤ ምንም ቢያምር፤ ለሠሪው እንደማይጸና ከዚህ እንማራለን።

ሜክሲኮ ግን የወዳጅነት ስም ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን ተቃወመ፤ በኋላም ብዙዎቹ መንግሥታት ሲቀበሉት እሱ አልቀበልም ብሎ ጸና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ያን አገር ጐበኙ። በሜክሲኮ ከተማም አንድ አደባባይ በኢትዮጵያ ስም ተሰየመ፤ በ1972 ዓ.ም. የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም በዚሁ ስም ተጠርቶ የአንበሳ ራስ ምልክት ተደረገለት። በእኛም ከተማ የሜክሲኮ አደባባይ ይህንኑ ውለታ ያስታውሳል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ባቡር ይሄድበታል፤ በየማለዳውም እጅግ ብዙ ሠራተኛ በዚያ በኩል ወደ ቢሮው ያልፋል።

ቢሮዎቹ እንዴት መጡ

የተባበሩት መንግሥታት ሚያዝያ 21 ቀን 1950 ዓ.ም. የአፍሪካን የኢኮኖሚ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ እንዲሆን ተደረገ። የመጀመሪያው ዋና ጸሓፊ ሆነው በ1951 ዓ.ም. የመጡት መኪ አባስ የሱዳን ሰው ነበሩ፤ አስቀድሞ በአገራቸው የገዚራን የጥጥ እርሻ ድርጅት ይመሩ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ሮበርት ጋርዲነር ከጋና መጥተው ከ10 ዓመት በላይ ሠሩ። ከዚያም የናይጄሪያው አደባዮ አደደጂ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በዚሁ ሥራ ላይ ቈዩ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌም የመስተዋት ሥዕል ያለው በዚያ ነው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚሁ ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ተብሎ 55 አገሮችን ይዟል። ከሜክሲኮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄዱ የሚታየው 99.9 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃው፤ የቻይና መንግሥት በ200 ሚሊዮን ዶላር አሠርቶ በስጦታ የሰጠው፤ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ስፍራው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የተባለው ወህኒ ቤት የነበረበት ነው። ሰው ዓለም በቃኝ ይልበት በነበረው ቦታ ዛሬ ከ55 አገር የመጣ ሰው አዲስ ኑሮ ይጀምርበታል።

ከፍ ብለን ያነሣነውን የአቶ አደደጂን ዘመን አንባቢ ይቍጠረው፤ 16 ዓመት ነው። በዚህ ያህል ዘመን ጡት የተወ ሕፃን ለአቅመ አዳም ይደርሳል፤ በአገር ቤት የቀረ ሽማግሌ አባትም ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው ግን ከአገሩ ሲነሣ «ለሁለት ዓመት ነው» ብሎ ይነሣል። የመጀመሪያው ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። ለሁለት ዓመት የመጣ ሰው ቋንቋ አይማርም፤ ዛፍ አይተክልም፤ ጎረቤት አይይዝም። ሁለቱ ዓመት ዐሥር በሆነ ጊዜ ግን በሁለቱም አገር እንግዳ ሆኖ ይገኛል።

ለእንግዳው ቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

አንደኛ፤ ሰዓትና ዘመን። እኛ ሰዓት የምንቈጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነው፤ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት ይቈጥራሉ፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» የተባለ እንግዳ ከቀትር በኋላ ሲመጣ፤ የቀጠረው ሰው ጧት ጠብቆት ሄዷል። የዘመናችንም ቍጥር ከእነርሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል፤ ወራችንም 13 ነው። ስለዚህ የቤት ኪራይ ውልና የሠራተኛ መቅጠሪያ ጽሑፍ ሁሉ በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ። በቀን ስሕተት የተነሣ ጠብ ብዙ ጊዜ የክፋት መስሎ ይታያል።

ሁለተኛ፤ ከፍታውና ወጥ ቤቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። ከባሕር ዳር ከተማ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ቢያጥረው፤ እንቅልፉም ቢጐድል አይደንግጥ፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ግን ከመምጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ባቄላውም ሥጋውም ከለመዱት የበለጠ ጊዜ በእሳት ላይ መቈየት አለበት። ይህን ያላወቀች የቤት እመቤት ጥፋቱን በወጥ ሠራተኛዋ ላይ ታደርጋለች። ሠራተኛዪቱም የምትጾም እንደ ሆነች ረቡዕና ዐርብን፤ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀን ሥጋና ቅቤ እንደማትቀምስ አስቀድሞ መጠየቅና የጾም ዕቃዋን መለየት የቤቱን ሰላም ይጠብቃል።

ሦስተኛ፤ የልጆች ትምህርት። የሰኔ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ከባድ ነው፤ የትምህርት ዘመንም የሚጀምረው ዝናሙ ሊያልቅ ሲል ነው። በፈረንሳይኛ ለተማረ ልጅ ሊሴ ገብረ ማርያም፤ በእንግሊዝኛ ለተማረ ሳንፎርድና ሌሎችም ትምህርት ቤቶች አሉ። ነገር ግን ስፍራ ሳይያዝ መምጣት አይገባም፤ አባት ሥራ በጀመረበት ሳምንት ልጅ ቤት ከዋለ የመጀመሪያውን ቅሬታ የሚይዘው ልጁ ነውና።

አራተኛ፤ ሥራውን ትቶ የተከተለው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ደብዳቤው የመጣለት ሰው ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጠረጴዛ፤ የሥራ ባልንጀራና የሚጠራበት ማዕርግ አለው። የተከተለችው ባለቤቱ ግን በአገሯ አስተማሪ ወይም አስታማሚ ነበረች፤ እዚህ ያለ ሥራ ፈቃድ ልትሠራ አትችልም፤ ስሟም «የእገሌ ባለቤት» ሆኖ ይቀራል። ነገሩ የሴቶች ብቻ እንዳይመስል፤ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ከ2005 እስከ 2009 ዓ.ም. የኅብረቱን ኮሚሽን መርተዋል፤ የካሜሩኗ ቬራ ሶንግዌም ከ2009 እስከ 2014 ዓ.ም. የኢኮኖሚውን ኮሚሽን መርተዋል። እንግዲህ በዛሬው ዘመን ደብዳቤው ለሚስት ደርሶ ባል የሚከተልበት ቤት ብዙ ነው፤ እሱም በሥራ ፈትነት ሲቀመጥ የሚሰማው ኀዘን ከሴቲቱ አያንስም።

ስለዚህ ባልና ሚስት ከመነሣታቸው በፊት አንድ ምሽት ተቀምጠው ሦስት ነገር ይወስኑ። ተከታዩ በቀን ምን ይሠራል? ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚያወጣው የራሱ ድርሻ ስንት ነው? አንደኛው «አልቻልሁም፤ እንመለስ» ያለ እንደ ሆነስ ቃሉ እንዴት ይሰማል? ይህ ያልተነገረበት ቤት ሥራው እየተቃና ትዳሩ ሊፈርስ ይችላል። በአማርኛ «አገርህ ወዴት ነው ቢሉት ገና አላገባሁም አለ» ይባላል። የሰው አገሩ ትዳሩ ከሆነ፤ ትዳሩን ያጣ ሹም በየትኛውም ከተማ አገር የለውም።

አምስተኛ፤ ቋንቋና ጎረቤት። በእነዚህ ቢሮዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይበቃል፤ በኅብረቱም ዐረብኛ፤ ፖርቱጋልኛ፤ ስፓኝኛና ስዋሂሊ ይሠራባቸዋል። ሰው አንድ የአማርኛ ቃል ሳያውቅ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ አደጋውም ይኸው ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ከዘበኛው ጋራ ሰላምታ የለመደ ልጅ ቤቱን ያገኛል። ጎረቤት ቡና ሲጠራም ከአቦል በኋላ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናና በረካ እስኪጠጣ መቀመጥ ይገባል። ወሬው ባይገባም መቀመጡ ራሱ ንግግር ነው።

ለባለ አገሩ የሚገባው

እስከ አሁን የተናገርነው ለእንግዳው ነው። የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፤ በሁለተኛው ብር፤ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። በዓመቱስ ምን ይሆን? ብዙዎቻችን የውጭውን ሰው ለቤታችን ኪራይ እንፈልገዋለን፤ ለማዕዳችን ግን አንጠራውም። በተለይ አባቱ ወይም እናቱ በሩቅ አገር የሞቱበትን እንግዳ እናስበው። መርዶውን በስልክ ሰምቶ፤ ዘመድ በሌለበት ቤት ብቻውን ያለቅሳል። እኛ ለቅሶ መድረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ የዚያ ሰው ደጅ እንዳይረሳን። ቋንቋ አያስፈልገውም፤ ገብቶ አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ይበቃል።

ደግሞም በዚሁ ከተማ ሳይወጡ እንግዳ የሆኑ አሉ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙው የካዛንቺስ አሮጌ መንደር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። የቡና ጎረቤታቸው ወዲያ፤ ዕድራቸው ወዲህ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። መንገዱ ሰፍቷል፤ ነገር ግን አዲስ ትምህርት ቤት የገባው ልጅና ደንበኛዋን ያጣችው የጉልት ነጋዴ፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን ቤተ ሰብ የሚያስጨንቀው ጭንቀት አለባቸው። ስለዚህ ከላይ ያልነው ቸርነት ለእነርሱም ይድረስ።

ከእኛ ወገን ለሚሄዱት

የእኛም ልጆች ወደ ዤኔቭ፤ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ናይሮቢ ለቢሮ ሥራ ይሄዳሉ። እነርሱም በሜክሲኮና በካዛንቺስ የሚያዩትን እንግዳ እንደ መስተዋት ይመልከቱት። ሲነሡ ለወላጆቻቸው የሚልኩትን ገንዘብ ከነወሩ ይወስኑ፤ በቤቱ የቀረ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት የሽማግሌዎቹን ሸክም ብቻውን እንዳይሸከም ድርሻውን ይነጋገሩ። ክፉ ወሬ የመጣ እንደ ሆነ መርዶውን የሚያረዳው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው ይስማሙ፤ በሩቅ ከተማ ያለ አንድ የታመነ ሰው በአካል ሄዶ ቢነግር መልካም ነው። ልጆቻቸውንም በቤት ውስጥ በአማርኛ ወይም በእናት ቋንቋቸው ያነጋግሩ፤ አያቱን ማነጋገር የማይችል ልጅ ከአያቱ የሚቀበለው ምርቃት የለውምና።

የቢሮ ወንበር ዛሬ የአንዱ፤ ነገ የሌላው ነው። ጋርዲነርም አደደጂም በጊዜያቸው ተነሥተው ሌላው ተቀምጦበታል። ከሰውዬው ጋራ ዕድሜ ልኩን የሚኖረው አብሮት የተሰደደው ቤተ ሰብ ነው። እንግዲህ ደብዳቤው በደረሰ ቀን፤ ደመወዙ ስንት ነው ከማለት አስቀድሞ፤ ማን ይከተለኛል፤ ማንስ ይቀራል፤ ለሁለቱስ ምን አዘጋጀሁ ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።