ኦፕራሲዮን የሆነው ቁስል አልደርቅ ሲል

ሰሞኑን ልደታ ያየኋት እናት በኦፕራሲዮን ከወለደች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ስፌቱ ግን አሁንም ፈሳሽ ያወጣል። "ዶክተር፣ በየቀኑ እያሳጠብኩ ነው እኮ!" አለችኝ። ስኳሯን ስንለካው 280። እንዳለባት አታውቅም ነበር።

ከ4 ሳምንት በላይ አልዘጋ ያለ ቁስል ማጠብ ብቻ አይበቃውም፤ ምክንያቱ ይፈለግ። ስኳር፣ ውስጥ የቀረ ክር፣ ቲቢ፣ የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። ለእኛ ሰፈር ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፤ ቆዳ መለጠፍ ካስፈለገ የካቲት 12 እና አለርትም ፕላስቲክ ሰርጀሪ አላቸው። የኦፕራሲዮን ወረቀታችሁን ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ፈታችሁ አትነስንሱበት፣ በእናታችሁ! ትኩሳት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ስፌቱም ከተከፈተ፣ ሪፈር ሳትጠብቁ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።