የድብርት መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው?

«እናቴ ገጠር ናት፤ የድብርት መድኃኒት ከጀመረች በቃ ዕድሜ ልኳን ልትውጥ ነው?» ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ነው። የአእምሮ ሐኪም ነኝና ልመልስ፦ አብዛኛው ሰው ዕድሜ ልኩን አይወስድም፤ ሱስም አያስይዝም።

ገጠር ያለ ታካሚ «ከፋኝ» ብሎ አይመጣም። «አናቴን ያቃጥለኛል፣ አቅም አጣሁ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል፤ የጨጓራ ኪኒን ይዞ ይመለሳል። እኔ ስለ ቡና እጠይቃለሁ። ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው መሄድ ካቆሙ፣ ሁኔታውም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ድብርትን እጠረጥራለሁ። መድኃኒት ከተጀመረ ደግሞ እነዚህን ልብ በሉ፦

1. እንደ ፍሉኦክሰቲን ባለ የድብርት መድኃኒት ለውጥ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙዎች ከዚያ በፊት «አልረዳኝም» ብለው ይተዉታል።

2. ከተሻላቸው በኋላም መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። የሚቆመው ቀስ በቀስ፣ በባለሙያ ነው።

3. ጠበል ይጠመቁ፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጡ። ለጾሙም ሰዓቱን ማስማማት ይቻላል።

4. «ሞት ይሻለኛል» ካሉ በግልጽ ጠይቋቸው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ፀረ ተባዩን ከቤት አውጡ፣ ብቻቸውን አትተዉ፣ ዕለቱኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።