የክረምቱ ትምህርትና የነጋዴው ድርሻ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም.፣ «የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎሺፕ» የተባለው ትምህርት ሲጀመር፣ ኢትዮጵያውያን ጭምር ያሉባቸው 500 የአፍሪካ ወጣቶች ለክረምቱ ወደ አሜሪካ ተጉዘዋል። በየዩኒቨርሲቲው ተመድበው ለስድስት ሳምንት ያህል፣ ከፊሎቹ ንግድን፣ ከፊሎቹ የሲቪል ማኅበራትን አመራር፣ ሌሎቹም የመንግሥት አስተዳደርን ተምረዋል። ከዚያም ወዲህ አሜሪካውያን ባለሙያዎች በተራቸው ወደ አፍሪካ እየመጡ ከእነርሱ ጋር እንዲሠሩ ተደርጓል።

ነጋዴው ይህን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የንግድ ፈቃድና የቀረጥ ደንብ ነገ እንዲህ ባሉት ወጣቶች እጅ ሊረቀቅ ይችላልና። ወጣቱ ሹም በባሕር ማዶ የቀሰመው ዕውቀት ለአገሩ ገበያ እንዲስማማ፣ ነጋዴው መጋዘኑን ከፍቶ፣ መዝገቡን ዘርግቶ፣ ችግሩን ሳይሸሽግ ሊያስረዳው ይገባል። ልውውጥ ማለት ሁለቱም ወገን ሲሰጥ ነው።