የልጆች ጸያፍ ምስል ወንጀል፦ የፍርድ ቤት ትርጓሜና የሐኪም ምስክርነት

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በወሲብ ድርጊት የሚያሳይ ምስል በአንድ ተጠርጣሪ ስልክ ውስጥ ሲገኝ፣ ለሐኪም ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ የልጁ ዕድሜ ስንት ነው የሚለው ነው። በሐረር በሕይወት ፋናም ሆነ በጁገል ሆስፒታል የሚያገለግል ባለሙያ መልስ ከመስጠቱ አስቀድሞ ሕጉ ወንጀሉን እንዴት እንደሚተረጉመው ሊያውቅ ይገባል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ጸያፍ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆኑ ሥዕሎችንና ፊልሞችን መሥራትን፣ መያዝንና ማሰራጨትን በቀላል እስራትና በመቀጮ ያስቀጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በአንቀጽ 12 የልጆችን ጉዳይ ለይቶ ይደነግጋል። እንዲህ ያለውን ምስል በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ሆነ ብሎ ያዘጋጀ፣ ያስተላለፈ፣ የሸጠ፣ ያሰራጨ ወይም ያለፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ምስሉን መያዝ ብቻውን ወንጀል ነው። ልጅን በወሲባዊ መልእክት ወይም ምስል ለማማለል የሞከረ ሰው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው።

በአዋጁ መሠረት እነዚህን ወንጀሎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሐረር ይህ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ውክልና በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሠራል። ዳኞች ቅጣቱን ሲወስኑ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣውን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ይከተላሉ። ተከሳሹ የተሰጠውን ሥልጣን ወይም እምነት አላግባብ ተጠቅሞ ከሆነ በአንቀጽ 84 ቅጣቱ ይከብዳል፤ የቀድሞ መልካም ጠባይና እውነተኛ ጸጸት በአንቀጽ 82 ያቀልለታል። የልጁ ዕድሜ ግን የወንጀሉ ማቋቋሚያ ስለሆነ ለማክበጃነት ዳግመኛ አይቆጠርም።

ስለዚህ የዕድሜው ጥያቄ ከባድ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ከምስል ዕድሜን ለመገመት የታነርን የጉርምስና ደረጃዎች ሲጠቀሙ ታይቷል። ሆኖም ጄምስ ታነር ራሱ ከአርላን ሮዘንብሉም ጋር በመሆን በ1998 እ.ኤ.አ. ይህን አሠራር ተቃውሟል፤ ደረጃዎቹ የሰውነትን ብስለት እንጂ የተወለዱበትን ዘመን አይለኩምና። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች በብስለት እጅግ ይለያያሉ፤ የምግብ እጥረትና ሥር የሰደደ ሕመምም ጉርምስናን ያዘገያሉ። በመሆኑም ሐኪሙ ከምስል ቁርጥ ያለ ዕድሜ ቢመሰክር ጥፋተኛው በነጻ ሊሰናበት፣ ንጹሑም ለዓመታት ሊታሰር ይችላል። አዋጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ መስሎ የሚታይ ሰው ያለበትን ምስል ጭምር ስለሚያካትት፣ ሐኪሙ ያየውን የዕድገት ምልክትና የግምቱን ወሰን መግለጹ ይበቃል። ልጁ ከተገኘ የልደት ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የአካል ምርመራ ይቀድማሉ።

በመጨረሻም ባለሙያው ራሱን ከጥፋት መጠበቅ አለበት። ምስሉን በጽሑፍ ትእዛዝ፣ መርማሪው ባለበት ይመልከት እንጂ ለምክክር ሲል ወደ ራሱም ሆነ ወደ ባልደረባው ስልክ አያስተላልፍ። የወንጀል ሕጉ ለሳይንሳዊ ሥራዎች ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም፣ የተጎዳ ልጅን ቁስል ለማስረጃ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በፈቃድ ተነሥቶ ከሕክምና መዝገቡ ጋር ብቻ ሊቀመጥ ይገባል። ምስጢሩን ያባከነ ባለሙያ በአንቀጽ 399 ይጠየቃል፤ የልጁም ገመና አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በፍርድ አይመለስም።