የቅጠል እርጥበትና የነጋዴው ሚዛን

ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከግርጌዋ ያለችው አልዩ አምባም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ስመ ጥር የቅፍለት ገበያ ነበረች። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ጭነት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጉም ወደ ደረቅ አየር ይሻገራል። የደረቀ ቅጠል ደግሞ፣ ጌሾም ሆነ ሻይ ቅጠል፣ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ መልሶም ይለቃል። ስለዚህ ሚዛኑ ሳይዋሽ ክብደቱ ይለወጣል።

ጉዳቱን በቍጥር መመልከት ይቻላል። 14 ከመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል ጌሾ 86 ኪሎ ደረቅ ቅጠልና 14 ኪሎ ውሃ ነው። እርጥበቱ ወደ 10 ከመቶ ሲወርድ ጭነቱ 95.6 ኪሎ ብቻ ይሆናል። የጐደለው 4.4 ኪሎ አልተሰረቀም፤ ነገር ግን ገዢው ዋጋውን ከፍሎበታል። ጭነቱ በተቃራኒው እርጥበት ቢስብ ክብደት ይጨምራል፤ ቈይቶም ሊሻግት ይችላል።

እርጥበትን ለማወቅ የታመነው ዘዴ፣ ጥቂት ቅጠል መዝኖ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ማድረቅና እንደገና መመዘን ነው። በዚህ ሥራ የሚዛኑ ጥራት ወሳኝ ነው፤ በ10 ግራም ናሙና ላይ የ1 ግራም ስሕተት ማለት የ10 ከመቶ ስሕተት ማለት ነውና። ስለዚህ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። ከምድጃ የወጣውም ናሙና ትኵስ ሆኖ አይመዘንም፤ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ውስጥ መቀዝቀዝ ይኖርበታል።

እንደ ሮዝመሪ ያለ መዓዛማ ቅጠል ግን በምድጃ ውስጥ ከውሃው ጋር ዘይቱም ይተናል፤ ውጤቱም እርጥበቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል። እንዲህ ላለው ቅጠል ውሃውን በማንጠር ለይቶ የሚለካው ዘዴ ይመረጣል። ለእህል ተብሎ የተሠራ የኤሌክትሪክ መለኪያም ለቅጠል ካልተስተካከለ የሚሰጠው ቍጥር አይታመንም።

ከመሣሪያው በፊት ግን ናሙናው ትክክለኛ መሆን አለበት። ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመካከሉና ከሥሩም ሊወሰድ ይገባል። በውሉም ላይ ከክብደቱ ጐን የእርጥበቱ መጠንና የተለካበት ዘዴ ቢጻፍ፣ ሻጭና ገዢ ለውሃ ሲሉ ከመካሰስ ይድናሉ።