የዑራው ግድግዳና የስብሐት ገጾች

«ሌቱም አይነጋልኝ»ን ገልጦ ጥቂት ገጽ እንደሄደ መልሶ የሚከድን አንባቢ አይፈረድበትም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በወጣትነቱ የጻፈው ይህ ልብ ወለድ የአዲስ አበባውን የውቤ በረሃ መሸታ ቤት፣ መጠጡንም አልጋውንም፣ ያለ መጋረጃ ያወጣዋል። በሳንሱር ምክንያትም ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ኖሯል። ገመናን መሸፈን ጨዋነት፣ ኀጢአትን ለነፍስ አባት ብቻ መናገር ሥርዓት በሆነበት አገር፣ የሌሊቱን ጉድ የሚዘረግፍ ተራኪ ቢጎረብጥ አያስገርምም። መጽሐፉ ግን ዳግመኛ መነበብ አለበት። ግልጽነቱ ከባዕድ የተቀዳ ብልግና ነው የሚለው ክስ የራሳችንን ቅርስ ይዘነጋልና።

ማስረጃው ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ዘጌ ላይ አለ። በዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተሥሏል፤ በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው 78 ሰው የበላ፣ ለቤተሰቡ እንኳ ያልራራ ሰው። ሠዓሊው «አንድ ክፉ ሰው ነበር» ብሎ አላለፈውም፤ ሲበላ አሳየው። ለተጠማው ድሃ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃና ነፍሱ የተመዘነችበት ሚዛንም የዚያው ታሪክ ክፍል ናቸው። ሥዕሉን ሕፃኑም ሽማግሌውም ቆሞ ያየዋል። ነውሩ በከንቱ አልተገለጠም፤ የ78ቱ ነፍስ ክብደት ካልታየ የጥርኟ ውኃ ዋጋ አይታወቅም።

«የበላዔ ሰብእ መጨረሻው ምሕረት ነው፤ ስብሐት ዘንድ ግን ንስሐም ተግሣጽም የለም» የሚል ይኖራል። ልዩነቱ እውነት ነው። ሆኖም ስብሐት ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይመክርም፤ ጨዋ ነኝ ብሎም ራሱን ከዚያ ሌሊት አያወጣም። አሜሪካዊቷ ገጣሚ አን ሴክስተንም የአእምሮ ሕመሟንና ሞትን መመኘቷን ስትገጥም እንዲህ ያለው ነገር የግጥም ጉዳይ አይደለም ያሏት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ግን የፑሊትዘር ሽልማት አገኘች። ግጥሞቿ የቆሙት ከሌላው ሰው ገመና በፊት የራሷን ስላስቀደሙ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመሸታ ቤቱ ሴቶች ጉዳይ ነው፤ ሕይወታቸው ሲጻፍ ማን አስፈቀዳቸው? ይህ ጥያቄ በቀላሉ አይመለስም፤ ሴቲቱ ሰውነቷ ተረስቶ ገላዋ ብቻ በሚታይበት ገጽ ላይ አንባቢው መቆጣት ይገባዋል። ዝምታው ግን ለእነሱ አልጠቀመም። የጠቀመው ሌሊት ሄዶ ቀን ለሚክደው ደንበኛ ነው። ስለዚህ ግልጽ ጽሑፍን ምን ዓይነት ነውር ጠራ ብሎ ብቻ መመዘን አይበቃም፤ ጸሐፊው ለራሱ አድልቷል ወይ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ለራሱ ያላደላ ጸሐፊ፣ ቢጎረብጥም፣ እስከ መጨረሻው ሊነበብ ይገባዋል።